ላፕቶፕ ሳይኖር ኮምፒውተር ሳይንስ፦ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ኮፒ ቤት አለችኝ። ጽሕፈት፣ ፎቶኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ጊዜ ሲኖረኝ ደግሞ የኮምፒውተር ጥገና። የተመረቅኩት በኮምፒውተር ሳይንስ ስለሆነ፣ ወርክሺት ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ተማሪ ጥያቄ ሳይጥልብኝ አይወጣም። «ጋሼ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ለመግባት ከአሁኑ ምን ላጥና?» ወላጅም ይጠይቀኛል። አንድ ቅዳሜ አንዲት እናት ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን እንደያዙ ጎራ አሉና «እንደው ልጄ፣ ላፕቶፕ ካልገዛሁለት ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀርብኝ ይሆን?» አሉኝ።

አይቀርም። ምን ማድረግ እንዳለበት ግን በር ላይ ቆመው የሚጨርሱት ወሬ አይደለም። እዚህ ልጻፈው።

ቅድሚያ ፈተናው

ይሄ ብዙ ተማሪ የሚዘነጋው ነገር ነው። አይቲ ክፍል ውስጥ ትማሩታላችሁ እንጂ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ አይመጣም። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የሚፈተነው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ ነው። ቀላል ፈተናም አይደለም። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን በጀመሩበት በ2014ቱ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2016 ከመቶ 5.4 ነበር።

ካለፋችሁም በኋላ ወዲያው ኮምፒውተር ሳይንስ አትገቡም። መጀመሪያ ፍሬሽማን አለ። ሁሉም የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፤ ዲፓርትመንት የሚደለደለው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም በውጤት። ስለዚህ ሌሊቱን ኮድ ሲጽፍ አድሮ ኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ላይ የሚያንቀላፋ ልጅ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ እየሄደ አይደለም።

የኔ አከፋፈል እንዲህ ነው። ኮድ የ11ኛ ክፍል ሥራ ነው። ያኔ ጊዜ አለ፣ ጭንቀቱም ገና አልመጣም። 12ኛ ክፍል ስትገቡ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለምሳሌ፣ ይበቃል። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ግን ዝጉት። ስልኩ ላይ ያለውን የኮድ መጻፊያ አፕ ማጥፋት አያስፈልግም፣ አለመክፈት ነው። ይሄን ስነግራቸው ፊታቸው ይጠቁራል፤ ቢጠቁርም ሐሳቤን አልቀይርም።

ሒሳቡን ግን መቼም አትዝጉት። ከፈተና ትምህርቶች ሁሉ ለኮምፒውተር ሳይንስ በቀጥታ የሚያገለግለው እሱ ነው፣ እዚያው በእጃችሁ ካለው መጽሐፍ። ፈንክሽን፣ ማትሪክስ፣ ሲኩዌንስ፣ ፕሮባብሊቲ። የሲኩዌንስ ጥያቄ ስትሠሩ «ይሄን በሉፕ እንዴት አሠራዋለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። (ሉፕ ኮምፒውተሩ አንድን ሥራ እየደጋገመ እንዲሠራ ማዘዣ ነው።) አንድ ጥናት ሁለት ሥራ ሠራ ማለት ነው።

በስልክ መጀመር

አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ ፓይድሮይድ 3 የሚባለውን፣ በፓይዘን ቋንቋ ኮድ የሚጻፍበትን አፕ አውርዱ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አንዴ ከጫናችሁት በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ይሄ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ እንደነበር የምታውቁት ነው። ያኔ ኦንላይን ብቻ የሚማሩት ልጆች ቆሙ፤ አፑን ስልካቸው ላይ የጫኑት ቀጠሉ። መብራት ሲሄድም ስልክ ማታውን ይዘልቃል፣ የላብ ዴስክቶፕ ግን አብሮ ይሞታል።

ቋንቋው ፓይዘን ይሁን። የ11ኛ ክፍል የአይቲ መጽሐፍም በእሱ ነው ፕሮግራሚንግ የሚያስጀምረው። በስልክ መጻፍ ያደክማል፣ እውነት ነው። ከኮምፒውተር የተረፈ ኪቦርድ ቤት ውስጥ ካለ በኦቲጂ ገመድ ስልኩ ላይ ይሰካል። ገመዱ ርካሽ ነው፤ ከላፕቶፕ በፊት መገዛት ያለበት እሱ ነው።

አሁን እዚህ አገር ብቻ የሚያጋጥም አንድ ጣጣ ላሳያችሁ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ከመጽሐፉ ላይ እንዳለ ነው የገለበጥኩት። አንድ ፊደል አልሳትኩም። ግን አይሠራም።»

«አሳይኝ እስቲ።»

አየሁት። እውነትም ምንም ስህተት አይታይም። የስህተቱ መልእክት ግን «የማይታወቅ ምልክት» ይላል። ችግሩ ሁለት ነጥቧ ነበረች። የእንግሊዝኛው ኮሎን (:) እና የእኛው የቃል መለያ (፡) ለዓይን አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። የአማርኛው ኪቦርድ እንደተከፈተ ነበር የጻፈችው። ከኮፒ ቤቴ ደንበኞች መካከል በዚህ ያልተሰቃየ የለም። ኮሎን ከመንካታችሁ በፊት ወደ እንግሊዝኛ ኪቦርድ መመለሳችሁን እዩ።

ሁለተኛው የዚሁ ወንድም ነው። ፓይዘን የቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበት ዕቃ) ስም በአማርኛ ፊደል ብትሰጡት ይቀበላል። ደስ ይላል፣ ለጀማሪም ይቀላል። ግን አንዴ «ዓመት» ሌላ ጊዜ «አመት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ለእሱ ሁለት ስሞች ናቸው። «እንዲህ የሚባል ስም አላውቅም» ብሎ ይቆማል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ፣ ዓ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ላይ ተጠንቀቁ። የአማርኛ አስተማሪያችሁ ያለፋችሁን ስህተት ፓይዘን አያልፋችሁም።

በወረቀት መሮጥ

ይሄን የሚሠራ ተማሪ ጥቂት ነው። ከምነግራችሁ ሁሉ ዋናው ግን ይሄ ይመስለኛል። ኮዱን ከማስሮጣችሁ በፊት ደብተር ላይ ራሳችሁ ሩጡት። ለእያንዳንዱ ቫሪያብል አንድ ዓምድ ስጡና ዋጋው በተቀየረ ቁጥር ከሥሩ ጻፉ።

ለምሳሌ ከ1 እስከ 4 ያሉትን ቁጥሮች መደመር ፈለጋችሁ እንበል። ድምር በ0 ይጀምራል። ቀጥሎ ፎር ሉፕ ትጽፋላችሁ፣ ሬንጅ ውስጥ 1 እና 4 ትሰጣላችሁ። ደብተራችሁ ላይ ቁጥር 1 ሲሆን ድምር 1፣ ቁጥር 2 ሲሆን ድምር 3፣ ቁጥር 3 ሲሆን ድምር 6፣ ቁጥር 4 ሲሆን ድምር 10 ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ስታስሮጡት ግን 6 ይወጣል። የፓይዘን ሬንጅ መጨረሻውን ቁጥር አይጨምርም፤ 3 ላይ ይቆማል። 4 እንዲገባ 5 ማለት ነበረባችሁ። ግምታችሁን ቀድማችሁ ስለጻፋችሁ ልዩነቱ በየትኛው መስመር እንደመጣ ፊት ለፊት ታዩታላችሁ። ግምት የሌለው ሰው ግን 6ን አይቶ እሺ ብሎ ያልፋል።

ሦስት የአገር ቤት ሥራዎች

በየመጽሐፉ ያለው ልምምድ የባንክ ሒሳብና የሱፐርማርኬት ዕቃ ነው። እኔ ለሚመጡት ልጆች ሌላ እሰጣለሁ።

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። የእኛን ሰዓት ወደ ፈረንጅ ሰዓት የሚቀይር ፕሮግራም። 6 ደምሩ፣ ለ12 አካፍሉ፣ ቀሪውን ውሰዱ። 3 ሰዓት ብትሉት 9 ይላችኋል፣ 8 ሰዓት ብትሉት 2። ጥሩ ነው። አሁን 6 ሰዓት በሉት። 0 ይላችኋል፣ 0 ሰዓት ደግሞ የለም። ኢፍን፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚለውን ትእዛዝ፣ የምትማሩት እዚህ ጋ ነው።

ሁለተኛው ፊደል ገበታ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። ኦርድ የሚባለውን ፈንክሽን «ሀ» ብትሰጡት 4608 ይላችኋል። ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ እስከ ሆ 4614 ይሄዳል። ለ የሚጀምረው 4616 ላይ ነው፤ ከሀ ስምንት ቁጥር ርቆ። ለየቤቱ ስምንት ቦታ ተይዟል፤ ስምንተኛው እንደ ሏ ላሉት ነው። ስለዚህ አንዱ ሉፕ በሌላው ውስጥ ገብቶ፣ የውጪው በስምንት በስምንት እየዘለለ፣ የውስጡ አንድ አንድ እየጨመረ፣ ገበታው መስመር በመስመር ይወጣል። ቅደም ተከተሉም የምታውቁት ነው፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ። ይህ አሰላለፍ ወደ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጥበት ሠንጠረዥ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ፕሪንት አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉላቸው።

ሦስተኛው ባሕረ ሐሳብ፣ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት ስሌት፣ ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጎንደር ላይ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ማግኘት አይቸግርም። አንድ ዲያቆን የሆነ የ11ኛ ክፍል ተማሪ አለ፣ ከየኔታ ተምሮት ፋሲካ መቼ እንደሚውል በጣቱ ያወጣዋል። ኮድ ግን ከብዶኛል ይላል። «እስቲ የምታሰላውን ደረጃ በደረጃ ንገረኝ፣ አንድም ሳትዘል» አልኩት። እሱ ሲናገር እኔ ጻፍኩ። ጨርሶ ሲያየው ፕሮግራም ሆኗል።

ለ2018 እንሥራው።

ዓመት = 2018
ዓመተ_ዓለም = 5500 + ዓመት
ወንበር = (ዓመተ_ዓለም - 1) % 19
መጥቅዕ = (ወንበር * 19) % 30

ይሄ እንዳለ የሚሠራ ፓይዘን ነው። የፐርሰንት ምልክቱ «አካፍለህ ቀሪውን ስጠኝ» ማለት ነው። ዓመተ ዓለም 7518፣ ወንበር 12፣ መጥቅዕ 18 ይወጣል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። ስለዚህ መስከረም 18። ይሄም አንድ ኢፍ ነው።

መስከረም 18 ምን ቀን ዋለ? ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍላችሁ ድርሻውን ብቻ ያዙ፣ 1879። ከዓመተ ዓለሙ ጋር ደምሩት፣ 9397። ለ7 አካፍሉ፣ ቀሪው 3። ቀሪ 1 ከሆነ መስከረም 1 ማክሰኞ ነው፣ 2 ከሆነ ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ። ከሐሙስ 17 ቀን ስትቆጥሩ እሑድ ላይ ታርፋላችሁ። ለየዕለቱ የሚደመር ቁጥር አለ፣ ተውሳክ ይባላል፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው። (ተውሳኮቹ ከቅዳሜ ጀምሮ 8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2 ናቸው፤ ሊስት የሚባለውን፣ ብዙ ዋጋ በተርታ የሚያዝበትን፣ ለመማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።) 18 እና 7፣ 25። በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ስለዋለ ነነዌ ጥር 25 ገባ ማለት ነው። ከዚያ 69 ቀን ስትቆጥሩ ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ። ካላንደር አውጥታችሁ አመሳክሩ።

ከ30 የበለጠ ሲመጣስ? 30 ቀንሳችሁ ወሩን ወደ የካቲት አሳልፉ። 2017ን ሞክሩት፤ መጥቅዕ 29፣ ተውሳክ 4፣ ድምሩ 33። ነነዌ የካቲት 3፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12።

አሁን ዋናው ትምህርት ይጀምራል። ፕሮግራሙ ለ2017ና ለ2018 ሠራ ብላችሁ አትተዉት። 2006ን ስጡት። ወንበር 0፣ መጥቅዕም 0 ይወጣል። ፕሮግራማችሁ 0 ከ14 ያንሳል ብሎ «ጥቅምት 0» ይላችኋል። ዲያቆኑ ይሄን ሲያይ ሳቀ። የኔታ ጋ መጥቅዕ አልቦ ሲሆን 30 ነው የሚባለው፣ ያን ደረጃ ግን ሲነግረኝ ዘሎት ነበር፤ እሱ ሳያስበው ነው የሚያደርገው። አንድ ኢፍ ጨመረና መስከረም 30 ሆነ፣ ፋሲካውም ሚያዝያ 12 ላይ አረፈ። ትክክል ነው።

ሌላ ልጅ ደግሞ «መጥቅዕ ልክ 14 ቢሆንስ?» አለኝ። ግሩም ጥያቄ ነው። መልሱን አልነገርኩትም። ወንበር ከ0 እስከ 18 ብቻ ስለሆነ አሥራ ዘጠኙንም በሉፕ አውጥተህ እይ አልኩት። 14 አንድም ጊዜ አይመጣም።

ባሕረ ሐሳብ ለማይመለከታችሁ ልጆች የሂጅራ አቆጣጠር አለላችሁ። በሠንጠረዥ የሚሰላው ሂጅራ በ30 ዓመት ዑደት ውስጥ አንድ ቀን የሚጨመርባቸው 11 ዓመታት አሉት። የትኞቹ እንደሆኑ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፉ። ወሩ በተግባር የሚገባው ጨረቃ ታይታ ስለሆነ ውጤቱ ለምን አንዳንዴ በአንድ ቀን እንደሚለያይም አስቡበት።

ላብ፣ ላፕቶፕ፣ ሰርተፍኬት

የትምህርት ቤት ላብ አንዳንዱ ጋ ከሚከፈትበት የሚቆለፍበት ጊዜ ይበዛል። ለአንድ ኮምፒውተር ሦስት ሆናችሁ ስትቀመጡ ኪቦርዱን ሁሌ አንድ ልጅ አይያዘው፤ በየአሥር ደቂቃው ይዙር። በተለይ ሴቶች ልጆች፣ «እናንተ ጻፉ፣ እኔ አያለሁ» አትበሉ። ለአይቲ አስተማሪያችሁ ደግሞ በምሳ ሰዓት እንዲከፍቱላችሁ አንድ ሆናችሁ ሳይሆን አምስት ስድስት ሆናችሁ ጠይቁ። ለአንድ ልጅ የማይከፈት ለቡድን ይከፈታል።

ቤተሰብ ላፕቶፕ እገዛለሁ ካለ ያገለገለ ይበቃል። አዲስ የሚመስል ሽፋን አያታላችሁ። ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የፋይል ማከማቻ) ያለው፣ ራሙ ቢቻል 8፣ ካልሆነ 4 ጊጋ። ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ቢያንስ ሩብ ሰዓት በባትሪ ይሥራ። የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ ተጭናችሁ እዩ። ሻጩ ከተቻኮለ ሌላ ሱቅ አለ። ገንዘቡ ከወር ቀለብ የሚነሳ ከሆነ ግን ይቅር፤ ለእነዚህ ሁለት ዓመታት ስልኩ በቂ ነው።

ኢንተርኔት ያላችሁ በሐምሌ 2016 የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና መውሰድ ትችላላችሁ። ነፃ ነው፤ የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አለው። ስትጨርሱ ሰርተፍኬት ይሰጣል። ላሚኔት ሊያስደርጉት የሚመጡ አሉ፣ እኔም ገበያዬ ነው፣ ደስ ይለኛል። ግን ሰርተፍኬቱን ካስረከብኩ በኋላ «2006ን ብትሰጠው ምን ይላል?» ዓይነት ጥያቄ እጠይቃለሁ። መመለስ ካልቻለ ቪዲዮውን አይቷል እንጂ አልሠራም። ቪዲዮ ስታዩ በየአምስት ደቂቃው አቁማችሁ ራሳችሁ ጻፉት። ከባድ ፋይል ማውረድ ካለባችሁ የቴሌን የሌሊት ጥቅል ተጠቀሙ፣ አንዱ ያውርድና ሌላው በፍላሽ ይውሰድ። ፍላሹን ግን ወደ ኮፒ ቤት ከመጣ በኋላ ስካን ሳታደርጉ ቤት እንዳትሰኩት። የኔንም ቤት ጨምሮ ነው የምለው።

ከፈተናው በኋላ

ፈተናው አልቆ ውጤት እስኪመጣ ያለው ክረምት ረጅም ነው። ያኔ አፑን ክፈቱት። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመጀመሪያውን የፕሮግራሚንግ ኮርስ የሚሰጡት በሲ ፕላስ ፕላስ ነው፤ ከፓይዘን ጠንከር ይላል። የፓይድሮይድ ሠሪዎች ለእሱም ሲኤክስኤክስድሮይድ የሚባል አፕ አላቸው፣ እሱም ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አዲስ ልምምድ አትፈልጉ፤ ሰዓቱንና ባሕረ ሐሳቡን እንደገና በእሱ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ቫሪያብል ዓይነቱን ቀድማችሁ መናገር አለባችሁ፣ በየመስመሩ መጨረሻ ሴሚኮሎን አለ፣ የአማርኛ ስሞቹን ደግሞ የቆየ ኮምፓይለር (ኮዱን ለኮምፒውተሩ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ስለማይቀበል በእንግሊዝኛ ፊደል ቀይሯቸው። ስትጨርሱ መጀመሪያ የምትሰጡት ዓመት 2006 ይሁን።